የአባ ስንዝር ማዘያ

ሸማኔው ከሜትር ይልቅ ስንዝሩን የሚያምን ሰው ነው። በሩን በስንዝር፣ አልጋውን በስንዝር፣ የልጅ ልጁን ድምቡሼንም በተወለደች በሦስተኛው ቀን በስንዝር ለክቶ «ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፤ የትም አልተንጋደደችም» ብሎ ለጎረቤት አውጇል። ሰፈሩ አባ ስንዝር የሚለው በከንቱ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሸምን ጠርዙ ተጣመመ ብሎ የመለሰበት ደንበኛ የለም። ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

ልጅ ማዘል ግን ሌላ ሙያ ነው። ሦስት ልጆች ያደጉት በሚስቱ ጎን ላይ ነው፤ እሱ ማዘያ ይሸምናል፣ እሷ ታዝላለች። ይህ የሥራ ክፍፍል ሳይፈርስ የኖረው እሷ ባለፈው ወር እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጧት ዳሌዋ እስኪሰበር ድረስ ነበር። አሁን ምርኩዟን ይዛ ወንበሯ ላይ ትውላለች። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ከልክሏታል። ስለ ምላሷ ግን ምንም አላለም።

አዋላጅ የሆነችው የበኩር ልጃቸው የወሊድ ፈቃዷ የሚያልቀው ሰኞ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው በወር አንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ማታ አንገቷን ደፍታ «ድምቡሼን አማቴ ጋ ልወስዳት ነው» አለች። አማቷ ያሉት ሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ርቀት ላይ ነው። «እስክትራመድ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ቢሆን ነው።»

ሸማኔው ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። አንድ ዓመት ለእሱ አሥር ጋቢ ነው፤ ለድምቡሼ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስትመለስ እንደማታውቀው ሽማግሌ አይታው ልታለቅስ ነው።

«እኔ አዝላታለሁ!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚስቱ ምርኩዟ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «አንተ? ድመት እንኳ አቅፈህ ታውቃለህ?»

«ማዘያ የሚሠራ ሰው ማዘል ያቅተዋል?»

ልጃቸው አልሳቀችም። ድምቡሼ ጥርስ እያወጣች ስለሆነ መሬት ላይ ካስቀመጧት ታለቅሳለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ጀርባ ላይ ካዘሏትም ታለቅሳለች፤ የሰው ማጅራት ማየት አትወድም። ጎን ላይ ስትሆን ግን እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ሁሉን እያየች ዝም ትላለች። «እሺ አባዬ» አለች በመጨረሻ፤ «ቅዳሜ ጠዋት እናያለን። ጎንህ ላይ አዝለሃት እስከ ምሳ ከሠራህ ትቀራለች። ካልሆነ እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን።»

አባ ስንዝር በዚያ ሳምንት የሰው ትዕዛዝ አልነካም። ለሙሽሮች ልብስ ያስቀመጠውን ሐር የተቀላቀለበት ክር አወጣ። ድሩን ዘረጋ፣ ማጉን መታ፣ እንደገና መታ። ሲጨርስ በካውያ ተኮሰው። አሥራ ሁለት ስንዝር ልቅም ያለ ማዘያ! ዝንብ ብታርፍበት ያዳልጣታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊያሳስበው ይገባ ነበር፤ ግን ኩራት ዓይን ይሸፍናል።

ቅዳሜ ጠዋት ድምቡሼን ጎኑ ላይ አደረገ፣ ማዘያውን በትከሻው አዙሮ ቋጠረ፣ መሸመኛው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ መወርወሪያውን ወረወረ። በሦስተኛው ድምቡሼ ከወገቡ ወደ ጭኑ ወረደች።

«አዲስ ክር ነው፤ እስኪላመድ ነው» አለና ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ።

«ልጅቷ እኮ ወደ ጉልበትህ እየተሰደደች ነው» አለች ሚስቱ።

ሁለተኛው ቋጠሮ የሰነበተው ትንሽ ነው። ዳይፐሩ ነው አለ። ቀጥሎ ሸሚዙን ወቀሰ። ሚስቱም ወደ ልጇ ዞር ብላ «አያያዙን አይተሽ ጭብጦውን ቀሚው» አለቻት። ሦስተኛው ቋጠሮ ግን መንሸራተት ብቻ አልነበረም፤ ጭራሽ ተፈታ። ድምቡሼ አጠገቡ በተከመረው የተባዘተ ጥጥ ላይ ዱብ አለች፤ ከዚያም በሳቅ ፈረሰች።

ሌላ ማንም አልሳቀም። ሸማኔው ሕፃኗን ከጥጡ ላይ አነሳት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፤ «ያንተ ድር አንዲት ሕፃን ማሰር አቃተው?»

ልጃቸው ተነሳች። ቦርሳ አመጣችና የድምቡሼን ልብሶች አንድ በአንድ እያጠፈች መክተት ጀመረች። ትንሿ ካልሲ ስትገባ ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንባው መጥቶበታል፤ ጥጥ ዓይኔ ውስጥ ገባ እንዳይል ደግሞ ማንም አያምነውም።

ያኔ ሚስቱ በምርኩዟ ተደግፋ እያቃሰተች ብድግ አለችና ከተቀመጠችበት ሥር አንድ ግራጫ ጨርቅ ጎትታ ወረወረችለት።

ሸማኔው አወቀው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራው የመጀመሪያ ማዘያቸው ነው። ጠርዙ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል፣ ማጉ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ላልቷል፣ መሐሉ ጉጥ በጉጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት የተዋቡ ማዘያዎች ሠርቶላት ለጎረቤት ስትሰጥ፣ ይህን ግን ሙጭጭ ብላ ይዛው ነበር። እሱም ልትቀልድበት ያስቀመጠችው ይመስለው ነበር። «ያን ጉድ ከፊቴ አንሺው!» አለ።

«ሦስቱንም በዚህ ያሳደግኳቸው ለምን ይመስልሃል? ጠርዙ መልክህን ስለሚመስል? ስለሚይዝ ነው! ጉጡ እርስ በርሱ ይነካከሳል። በል በግራ ትከሻህ አሳልፈው። ግራ ነው ያልኩህ፤ ግራ የገባው ሰው ግራውን አያውቅም? ከመቀመጫዋ ሥር አግባው። አሁን ቋጥር።»

ቋጠረ። ድምቡሼ ጎኑ ላይ ልክክ አለች። ዘለል ዘለል አደረጋት፤ ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። እናቷ የያዘችውን ቀሚስ ሳታጥፍ ቀረች።

አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ምሳም ተቃረበ። አባ ስንዝር አዲስ ድር ዘርግቶ፣ ተራ የጥጥ ክር ነው፣ መሥራት ጀመረ። ድምቡሼ እንደ ልማዷ ሥራውን እየተቆጣጠረች መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ማጉን ትጎትታለች።

«አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም» አለ ሳይዞር፤ «ያኔም እጄ ደህና ነበር። እንዴት እንዲህ አበላሸሁት?»

ሚስቱ ምርኩዟን አንስታ ወደ ልጃቸው ቀሰረች። «አጥፊዋ ያቻት! እግርህ ሥር እየዳኸች ክሩን ስትጎትት ነው የተሠራው። አንተ ደግሞ ተይ ማለት አቅቶህ ስትስቅ ትውል ነበር። ረስተኸዋል።»

ሸማኔው መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያፈረበት የእጁ ጥፋት አልነበረም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከዚያ በኋላ በምን ልስቅ?»

ልጃቸው ከቦርሳው ጎን ቁጭ ብላ ያን የተወላገደ ጠርዝ አየችው። ያኔ ትንንሽ ጣቶቿ የጎተቱት የትኛው ጋ ይሆን? ከዚያ ትንሿን ካልሲ አወጣች። ቀጥሎ ቀሚሱን። ሁሉንም ወደ መሳቢያው መለሰች።

ድምቡሼ በዚህ ጊዜ ማጉን ጨብጣ በሙሉ ክብደቷ ሳበችው። ጠርዙ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። አባ ስንዝር በልማዱ ሊፈታው እጁን ሰደደ፤ ሰደደና መለሰው። ስህተቱን እንዳለ ጠበቅ አድርጎ መታው።

«አባዬ፣ እንዲህ ሆኖ ደንበኛው ይቀበልሃል?» አለች ልጁ።

«ደንበኛዋ ራሷ ናት የምትሠራው» አለ ድምቡሼን ወደ ላይ ከፍ እያደረገ፤ «ወደፊት ልጇን የምታዝልበት ነው።»