በግራ በኩል

«ጥሩምባ ነፋሁ ነው የሚለው የገጨው ሰውዬ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፤ እጄ እስኪዝል ነፋሁ ይላል» አለ ጡረተኛው ሹፌር፣ የቡና ስኒውን ጉልበቱ ላይ እንዳሳረፈ። «እኔም ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። የጭነት መኪና ጥሩምባ እኮ እንኳን በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ የሞተም ይቀሰ...»

የት እንደተቀመጠ ትዝ አለው። የቀሩትን ፊደሎች ከቡናው ጋር አብሮ ዋጣቸው።

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሌላዋ ፔርሙዙን አንስታ ባዶ መሆኑን እያወቀች ነቀነቀችው። ከቀብሩ አምስተኛው ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዋይታ ያልፋል፣ ሰው ወደየቤቱ የሚመለስበት ቀን ገና ነው፣ በዚህ መሀል ለቀስተኛ አፉን የሚያሳርፍበት ያጣል።

ስልከኛዋ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከዘወትር የእንጨት ወንበሯ ላይ ሆና ሰማችው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስልክ ቤት ውስጥ መስመር ስታገናኝ ስለኖረች፣ ሰፈሩ ስሟን ትቶ በሥራዋ ይጠራታል። ጆሮዋ ዛሬም ያው ነው። ሳሎን ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው ቢያንሾካሹክ አሥራ ስድስቱንም ለይታ ትሰማለች። ስለዚህ የሟቹ ባሏ ታላቅ እህት ከመስኮቱ ሥር ለአጠገቧ ሴት ያለችውንም ሰማች።

«አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ የለ! ድንጋይ እንኳ ዝናብ ሲመታው ይረጥባል።»

«ደንግጣ ይሆናላ።»

«ምን ደንግጣ! ተገላገልኩ ብላ ነው እንጂ።»

ስልከኛዋ ራሷም አምስት ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ የሰነበተችው ይህንኑ ነበር። እንባው አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። ምን ብዬ ላልቅስ? ትላለች በሆዷ፤ አሥራ አንድ ዓመት ትከሻውን ላዞረብኝ ሰው? ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ሰው ጠልቷት ነበር ወይስ አልጠላትም? ጠልቷት ከነበረ አልቅሳ ለራሷ መሳቂያ አትሆንም። መልሱን የሚያውቀው ደግሞ አፈር ለብሷል።

ባሏ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነበር። «አንቺ ስትናገሪ መርፌው ቀዩን አይነካም» ብሎ ነው መጀመሪያ ያሞገሳት። በድምፅ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለችው መርፌ፣ ሰው ከልኩ በላይ ሲጮህ ቀዩ መስመር ላይ ትወጣለች፤ በሱ ቤት ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንበሮች ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች አዙረው ነበር የሚቀመጡት። እሱ ሸክላ ያጫውታል፤ ሸክላው ሲያልቅ እሷ የቀኑን ደንበኞቿን እያስመሰለች ታስቀዋለች። በተለይ ጆሯቸው የከበደውን። አንገቷን አስግጋ፣ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ «ሃ? ማን? ጮክ በይ እንጂ ልጄ!» ስትል ከወንበሩ እስኪንሸራተት ይስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን መሳቁን ተወ። ቆይቶም ወንበሩን አዞረ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ግራ ጎኑን ወደ ስፒከሮቹ፣ ቀኝ ትከሻውን ወደ እሷ። «ምነው?» ብትለው አልመለሰላትም። እሷም አኩርፋ የራሷን ወንበር አንስታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወሰደችው። ሁለቱም በዚያው ቀሩ። «ጨው አነሰው እንዴ?» ዝም። «እህትህ መጥታ ነበር።» ዝም። ሙዚቃው ግን ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ሄደ፤ ጡረተኛው ሹፌር ከወዲያ ማዶ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ። አንዳንድ ጊዜ ይነሳና መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል።

«እኔን እንኳ እንዲህ ዳብሰኸኝ አታውቅም!» አለችው አንድ ቀን ከኋላው። እሱ መዳፉን ከስፒከሩ አላነሳም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሙዚቃ ሰርቨር። ግድግዳ ሙሉ ሸክላና ሲዲ ውጦ በሆዱ የሚይዝ፣ በጣት ሲነኩት የፈለጉትን ዘፈን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኝ፣ ከመጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ ሣጥን ነው። ባሏ የዚያን ሣጥን ዓይነት ሁሉ አጠና። ይህኛው ዲስኩ ያንሳል፣ ያኛው ስክሪን የለውም፣ የወዲያኛው ሲዲ አይቀበልም። የትኛውንም አልገዛም። ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ ይጽፋል፣ ይሰርዛል።

«ይኸውላችሁ!» የሚል ድምፅ ሐሳቧን ቆረጠው። ታላቅ እህትየዋ ከአምፕሊፋየሩ ሥር ያለውን መሳቢያ ከፍታ ያንኑ ሰማያዊ ደብተር ይዛለች። «ወንድሜ ሚስት ለመምረጥ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ለዚህ ሣጥን ግን ሁለት ዓመት!»

ፈገግታ ከወንበር ወንበር ዞረ። እህትየዋ መነጽሯን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ስክሪኑ ሰፊ ይሁን፤ የዘፈኑ ግጥም የሚነበብበት።› ሰማችሁ? ዘፈን ለማንበብ! ‹ድምፁ በቁጥር የሚታይ። ከሠላሳ ማለፍ የለብኝም፤ ሹፌሩ ይቆጣል።›»

«እንዲያ ብሏል?» አለ ሹፌሩ፣ ፊቱ እየተለዋወጠ። «እኔ እኮ የጎረቤት ነገር... ምነው ይሄ እጄ በተሰበረ።»

«‹መርፌ ያለው። የግድ።› ‹የሣጥኑ ማራገቢያ ይጮሃል ይላሉ። ግድ የለም።›»

«እታለም፣ እስቲ ስጪኝ» አለች ስልከኛዋ።

አምስት ቀን ሙሉ ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ ነበር። እህትየዋ ደብተሩን ዘርግታ ሰጠቻት።

ስልከኛዋ አራተኛዋን መስመር ደግማ አነበበች። ማራገቢያው ይጮሃል፤ ግድ የለም። ይህ ሰው እኮ በፊት፣ ወንበሩን ሳያዞር፣ ሙዚቃ በከፈተ ቁጥር ፍሪጁን ከሶኬት ያስነቅላት ነበር። የግድግዳውን ሰዓት ኳ ኳ ይላል ብሎ ባትሪውን አውጥቶበት፣ ሰዓቱ እስከ ዛሬ አራት ከሩብ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሰው ለሚጮህ ማራገቢያ «ግድ የለም» ይላል?

ከገጹ ግርጌ አንዲት መስመር በእርሳስ ተሰምሮባታል። «ጥራቱን እሷ ትስማ።»

ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ባሏ ሁለት ሣጥኖች በሙከራ አስመጥቶ ገመዳቸውን ሰካክቶ ሲጨርስ፣ ስንት ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ክንዷን ያዛት። «አሥር ደቂቃ ብቻ» አላት። ራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። አንድ ዘፈን በመጀመሪያው አጫወተ፤ ያንኑ ዘፈን በሁለተኛው ደገመው። ከዚያ ፊቷ በርከክ ብሎ፣ አፍ አፏን እያየ፣ «የቱ ይሻላል?» አለ።

ልዩነቱን ሰምታ ነበር። እንዴት አትሰማም! በሁለተኛው ሣጥን ላይ፣ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት የምትስባት አጭር ትንፋሽ ጥርት ብላ ትሰማለች፤ በመጀመሪያው ላይ የለችም። ግን የአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ ነበረባት።

«ሁለቱም ያው ጩኸት ነው» ብላ ተነሳች።

እሱ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቃቀለ፤ በማግስቱ ሣጥኖቹ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሣጥኖቹን ያመጣውም የመለሰውም ሽቦ ነበር። ሽቦ በቅጥነቱ የወጣለት ስም ነው፤ በጣቢያው የባሏ ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ ኋላ የድምፅ ዕቃዎች ሱቅ ከፍቷል። ከቀብሩ ወዲህ ብቅ አላለም ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ሲታይ፣ ስልከኛዋ መቀመጫ እስኪይዝ አልጠበቀችም።

«አንተ ሽቦ፣ ና እስቲ እዚህ።»

ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ደብተሩን ከፈተች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«የማራገቢያ ጩኸት ግድ የማይሰጠው የድምፅ ባለሙያ አይተህ ታውቃለህ?»

ሽቦ አነበበ። ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ፣ «እትዬ፣ አስምለውኛል» አለ።

«አሁን ማንን ትፈራለህ? ተነስቶ አይቆጣህ!»

«ቀኝ ጆሯቸው ጭራሽ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ግራውም እየከዳቸው ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ጭላንጭል ነበር የቀረችው። ጣቢያው ያሉበትን የመጨረሻ አራት ዓመት በዓይናቸው ነው የሠሩት። መርፌውን እያዩ። መርፌ የማያሳየው ነገር ሲበላሽ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን በጉልበቴ ነካ አደርጋለሁ።»

ስልከኛዋ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። ከሳሎን የሹፌሩ ድምፅ ይመጣል፤ እንደገና ስለ ጥሩምባው።

«ለጣቢያውስ ይሁን፤ እንጀራው ነው። እኔስ? ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ይተዉት እትዬ።»

«ተናገር!»

«‹እሷ በእነዚህ ሰዎች እንዴት እንደምታሾፍ አንተ አላየህም› አሉኝ። በስልኩ ደንበኞች። ‹ክፉ ነው ብላ ብትጠላኝ ይሻለኛል። ሃ? ስል ግን አታየኝም› አሉ።»

እጇ ሳታስበው ወደ ጆሮዋ ተነስቶ ነበር። መሀል መንገድ ላይ መለሰችው።

ክፉ መባል ከደንቆሮ መባል ቀለለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሯን፣ ስሞታዋን፣ አንዳንዴም ይቅርታዋን በሞተው ጆሮ በኩል ስታፈስ፣ ዝም ብሎ መስኮት ሲያይ ኖረ። ልታዝንለት ፈለገች፤ ንዴቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እንዲያውም ባሰበት።

«ደህናዋን ጆሮ ለማን ሰጣት?» አለች። «ወንበሩን ሲያዞር ለማን ሰጣት? ለስፒከሮቹ አይደለም?»

ሽቦ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሊዋሽላት እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ። አልዋሸም።

«የዚያን ቀን ወዴት ሲሄድ ነው መኪናው ያገኘው?»

«ከኔ ሱቅ ሲወጡ ነው።» የሽቦ ድምፅ ቀጠነ። «ሣጥኖቹን መልሰህ አምጣልኝ ሊሉ መጥተው። ‹የዚያን ቀን ደክሟት ነበር፤ ሰዓት አልመረጥኩላትም። አንዴ ደግማ ትስማልኝ፤ እሷ ካልሰማችልኝ ማን ይሰማልኛል› አሉ። በሩ ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነው የተሻገሩት። መኪናው በቀኝ በኩል መጣ። ጮህኩ እትዬ። የመኪናውም ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ማን ይስማ?»

ሽቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስልከኛዋ ወደ ሳሎን ወጣች። ሰው ሁሉ አያት። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን የእንጨት ወንበር በመደገፊያዋ ይዛ አነሳች።

«ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ታላቅ እህትየዋ።

«ላግዝሽ እህቴ» ብሎ ሹፌሩ ብድግ አለ። አልሰጠችውም።

ለቀስተኛው ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋት። አንዱ ስኒ ተገለበጠ። አምስት ቀን ማንም ያልተቀመጠበትን የባሏን ወንበር በኋላው ዞረች፤ በቀኙ በኩል አልቆመችም። በግራው፣ በወንበሩና በስፒከሮቹ መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። የእንጨት ወንበሯን እዚያ ወሸቀችው። ጀርባዋን ለስፒከሮቹ ሰጥታ ተቀመጠች። የወንበሩ መደገፊያ ግራ ጎን፣ ጭንቅላቱ ዘወትር ያርፍበት የነበረው፣ በፀጉሩ ቅባት ጠቁሯል።

«ሁለተኛው ይሻላል» አለች።

ማንም አልገባውም። «እሰይ፣ ይኸው ወጣላት» ብላ ታላቅ እህትየዋ መሐረቧን አወጣች።

ስልከኛዋ ግን ዓይኗ እንደ ደረቀ ነበር። መስመር ማዶ ያለ ደንበኛ እስኪመልስ እንደምትጠብቀው ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ አፏን ወደ ጠቆረው መደገፊያ አስጠግታ፣ ቃሉን ጮክ ብላ ደገመችው።