የኦሪፍ አካ ክብደት

«ሃያ ኪሎ ይቀንሱ ነው የምልዎት።»

«ሃያ ኪሎ እኮ አንድ ሙክት ነው፣ ልጄ። ከኔ ላይ ሙክት ልታርጂ ነው?»

ሃያ ይሁን ሠላሳ ልምል አልችልም፤ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጤና ጣቢያው በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ኦሪፍ አካን እጠብቃለሁ። እኛ ማርጊላን ከተማ ውስጥ አካ የምንለው እንደ ታላቅ ወንድም የምናየውን ሰው ነው። ኦሪፍ አካ ጎረቤቴ ነበር፣ የሰፈሩ የሠርግ አብሳይ። ያን ቀን ከገበያ ስንመለስ ደረቱን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ። እሺ አልልም ሲል በግድ ጎትቼ አመጣሁት።

ሐኪሟ ናርጊሳም የሰፈራችን ልጅ ናት፤ የሠርጓን ሩዝ ያበሰለው እሱ ነው። ስለዚህ አልተቆጣችውም፣ ግን ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«አካ፣ ልብዎ ደክሟል። የተሸከመው በዝቶበታል። ከዛሬ ጀምሮ ላት የለም፣ ጮማ የለም፣ ቅባት የለም። እንዲህ ከቀጠሉ መጪውን ክረምት መሻገርዎን እጠራጠራለሁ።»

«ከሲታ አብሳይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይላል? ‹ያበሰለውን ራሱም አይበላው› ነው የሚለው። ደግሞ ሳልቀምስ በምኔ ላበስል ነው፣ በጆሮዬ?»

«ሌላ ሰው ይቅመስልዎት።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ሶላትሽንስ ሌላ ሰው ይሰግድልሻል?» አላትና ወጣ።

መንገድ ላይ ሲያወራ እሰማዋለሁ። «ልጅቷ መጽሐፍ ነው ያነበበችው። አባቴ ከሲታ ነበር፤ በረሀቡ ዘመን ጎረምሳ ሳለ የበላው ሣር ነው፣ ሽበት ሳያወጣ ቀበርነው። እኔን እዚህ ያደረሰኝ ይሄ ነው» እያለ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ሰው ሲናገር መሀል መግባት አልወድም። በልቤ ዱዓ አደረግኩለትና ደጁ ድረስ ሸኘሁት። ማታ ግን ሐኪሟ ያለችውን ለልጁ ለሆሲያት ነገርኳት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷ ቤት ነበር የምትኖረው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

በዚያው ሳምንት የሐጂ ሙሚን የልጅ ልጅ ሠርግ ደረሰ። በሠርጉ ዋዜማ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበን ለነገው ሩዝ ካሮት መክተፍ የቆየ ልማዳችን ነው። አብሳዩ ለከታፊዎቹ በትንሽ ድስት አስቀድሞ ሩዝ ይሠራል። የድስቱ ሥራ ለነገው ትልቅ ጎላ እንደ መሞከሪያ ነው፤ ሩዙ፣ ውኃው፣ እንጨቱ እንዴት እንደሆነ በእሱ ይታያል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ማዶ ሊጥ ያድቦለቡላሉ፣ ወደ ምድጃው አይቀርቡም።

ኦሪፍ አካ ጭልፋውን ይዞ ድስቱ አጠገብ ቆሟል። መረቁን ከቀመሰ በኋላ ላቱን በዳቦ ጠቅልሎ ጎረሰ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ። የእንጨት ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና የሚያየው ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። እኔ ካሮቴ ላይ አቀረቀርኩ።

ሩዙ ወጣ። ሐጂ ሙሚን የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፣ የኦሪፍ አካም አጎት። ትሪው ዘንድ ተቀምጠው ጠሩት።

«ና ወዲህ ኦሪፍ። ያቺ ሐኪም ልታከሳህ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ተወራ እንዴ?»

«እዚህ ሰፈር ድመት ብታስነጥስ ይወራል። ታዲያ ከሳህ እንበል፣ የነገውን ሠርግ ማን ሊያበስል ነው፣ ሸምበቆ?»

ከታፊዎቹ ሳቁ። ሐጂ ሙሚን «ለመድኃኒቱ እኔ አለሁልህ» አሉና ሩዙን በጣታቸው ጠቅጥቀው፣ ከላዩ ወፍራም የላት ቁራጭ ጭነው ዘረጉለት። የሽማግሌ ጉርሻ ነው። አይመለስም።

ኦሪፍ አካ አፉን አልከፈተም።

ሳምንቱን ሙሉ ናርጊሳን ሲያጣጥል የሰነበተው ሰው፣ መራራ መድኃኒት እንደሚሰጡት ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ያንን እጅ ያየዋል። ለካ አምኗታል። ፈርቶም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ምነው፣ እጄ ቆሽሿል?» አሉ ሐጂ ሙሚን።

«ኧረ አጎቴ…»

«ታዲያ?»

ቢላዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። ዘይቱ በሽማግሌው አንጓ ላይ ይወርዳል። ኦሪፍ አካ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ሊጎርስ ነው። እኔ «ቢስሚላህ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ።

በዚህ መሀል ሆሲያት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። እጇ ላይ ሊጥ አለ። መጥታ ሐጂ ሙሚን ፊት በጉልበቷ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ እኔን ያጉርሱኝ። ባሌ ከሞተ ያጎረሰኝ የለም።»

ሽማግሌው ወደ ኦሪፍ አካ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። እንዲህ ያለችን ሴት እንዴት አይሆንም ይሏታል? አጎረሷት። ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች። «ከሙኑም ዘግይቶ ነው የገባው፣ ገና ጥሬ ጥሬ ይላል።»

«ማን ጠየቀሽ?» አለ ኦሪፍ አካ። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ተነሥቶ የመቅመሻውን ማንኪያ አነሣና ወደ ድስቱ ሄደ። ተከትላ ክንዱን ያዘችው።

«አባባ፣ ቀምሰው ምን ሊያገኙ ነው? ጨው ማነሱን ነው። እሱን ደግሞ ነግሬዎታለሁ።»

«ልቀቂኝ።»

«እናቴ ስትሞት ከምድጃዎ ሥር አስቀምጠው ነው ያሳደጉኝ። ይሄን ምላስ የሠሩት እርስዎ ነዎት። አሁን ሊያምኑት አይፈልጉም?»

ሐጂ ሙሚን ከትሪው ጥቂት ሩዝ አንሥተው ቀመሱ። አላመጡ። «ጨው ያንሰዋል» አሉ በዝግታ።

«ዛሬ አሞኝ ነው» አለ ኦሪፍ አካ። ይህን በሰው ፊት ሲል የመጀመሪያው ነው። አንገቱ ላይ ላቡ ይወርዳል። «በሠርግ ጎላ ላይ ሴት ስትቀምስ ግን ሰው ምን ይላል፣ አጎቴ?»

«ሠርጉ የኔ ነው። የሚለው ካለው ለኔ ይበል። አንተን ቀብሬ የሰው አብሳይ ከምለምን ይሻለኛል።»

ኦሪፍ አካ ማንኪያውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። እሳቱ ይንጣጣል። ከታፊዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ካሮታቸው ተመለሱ፣ ጆሯቸው ግን እዚያው ነበር።

«እሳቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጭልፋውም የኔ ነው። ማንም አይነካብኝም።»

«እሺ» አለች ሆሲያት።

«ነገ ጎላውን አንቺ ትቀምሻለሽ።» ማንኪያውን ሰጣት።

«ላቱስ?»

«አልነካም አልኩ እኮ።»

«አላሉም።»

«አሁን አልኩ። ግን ለናርጊሳ ሃያ ኪሎ አይሆንም በያት። አሥር።»

«እኔ አልልም። ራስዎ ሄደው ይከራከሯት።»

ኦሪፍ አካ ወደ እኔ ዞረ፣ እንድፈርድለት ይመስላል። ካሮቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለ። «ሚዛኑ ላይ እወጣላታለሁ። ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።»