ገመድ ነቃይዋ

ሰውየው አንዲት ስህተት ሲያሳድድ አስራ አንድ ቀን ሞላው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሚስቱ እንኳ ሰልችቷት «ቤትህ የምትመጣው ልብስ ልትቀይር ነው» ማለት ጀምራለች። ምን ያድርግ? የሚጽፈው ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ደንበኞች ዘንድ በሳምንት አንዴ ድርግም ይላል። እሱ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ግን፣ ሐኪም ፊት ሲደርስ እንደሚፈነጭ የታመመ ልጅ፣ ምንም አይለውም።

ጥርጣሬው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከርነሉ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሮጡት ሥራዎች አንዱ፣ በገመድ የተሰካውን መሣሪያ መዝገብ «አለ?» ብሎ ያያል፤ ሊያነሳው ሲል ገመዱ ይነቀልና ሌላው ሥራ ቀድሞ መዝገቡን ያጠፋዋል። የፊተኛው ባዶ ይጨብጥና ማሽኑን ይዞት ይወድቃል። ይህ ዓይኑ እያየ ካልደረሰ ግን ማረሙንም አያውቅም።

ያንን ቅጽበት በእጇ ማምጣት የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ የፕሮግራም ፈታሽ ሳለች፣ ገመድ ሲነቀል ማሽኑ እንደሚሞት ጽፋ አምጥታለት ነበር። እሱ ሆዬ «እጅሽ ከብዶ ነው» ብሎ ወረቀቷን ዘጋው። ቢሮው ሁሉ «ነቃይዋ» እያለ ሳቀባት፤ ብዙም ሳይቆይ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእሷ ለመጥራት ይኸው አምስት ዓመት ፈጀ።

ምን ዓይን አለኝ እያለ ወደ ግምጃ ቤቱ ወረደ። ካርቶን እየደረደረች አገኛትና ለመናት። ቀና ብላ አየችውና የያዘችውን ካርቶን አስቀምጣ ተከተለችው።

መሣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እያየች ገመዱን ነቀለች። ምንም። ደገመች። ምንም። በሦስተኛው፣ መብራቷ ብልጭ ስትል ሳብ አደረገችው፤ ማሽኑ ድርቅ አለ።

እፎይ ማለት ሲገባው አፈረ። ማየቱንና ማንሳቱን በአንድ ቁልፍ ዘጋቸው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ። አራት መስመር ብቻ። ከሰዓቱን ሙሉ ስትነቅል ዋለች፤ ማሽኑ ፍንክች አላለም።

የእርማቱ ማስታወሻ ላይ «ስህተቱን ያገኘው» የሚለው ቦታ ሲደርስ ስሟን መጻፍ ጀመረ።

«ስሜን ተወው፣ ጋሼ» አለችው። «ቀኑን ጻፍልኝ። መጀመሪያ የነገርኩህን ቀን።»

ጣቶቹ ቆሙ። ያንን ቀን ያየ አለቃ ሁሉ፣ ያኔ ወረቀቷን ማን ዘጋው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አሮጌውን ወረቀት ፈልጎ ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም «የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረ።

እስከ መጨረሻው ቆማ አነበበችና ካርቶኖቿን ልትጨርስ ወረደች።