ስልሳ እንቁላል የሌለበት ኬክ

ውሸት የሚያምርበት ጊዜ አለው፤ ፍልሰታ ላይ ግን አያምርም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እኔና መጽሐፍ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። ያገኘሁት ከሚስቴ ከሥርጉት ፊት ነው።

ሥርጉት ፍኖተ ሰላም ላይ ፀደንያ የምትባል ሴት ቤቷ የምታስተምረውን የኬክ ሙያ ሦስት ወር ተማረች። ቅዳሜ ትማራለች፣ እሑድ የኬክ መጽሐፏን ገልጣ እቤት ትሞክራለች። የመጀመሪያው ኬክ ደረቀባት። እኔ ሰፈር ወጥቼ «አጥር ላይ ብሰካው ጅብ ጥርሱን ሰብሮበት ሄደ» አልኩ። ሁለተኛው መሃሉ ሰመጠ። «ሁለት በግ ውሃ ጠጣበት» አልኩ። ሰው ሣቀ። እሷ ድስቷን ማጠብ ቀጠለች።

ከዚያ ቡሬ ያለው የአክስቴ ልጅ እጅጉ ለልጁ ክርስትና ኬክ አዘዛት። የመጀመሪያ ትእዛዟ ነው። ክርስትናው ፍልሰታ ላይ ስለዋለ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት የለም። በዘይት፣ በአምቦ ውሃና በአቸቶ አራት ጊዜ ሞከረች፤ አምስተኛው እንደ አዲስ ትራስ ተነፋላት።

«የእጅጉ ጎረቤት እትዬ አደይ በጥር ወር ሁለት ልጅ ይድራሉ፤ ይህን ከወደዱት ሥራ አገኘሁ ማለት ነው» አለችኝ። «አደራ አፍህን።»

ክርስትናው ዕለት እጅጉ ቤት ኬኩ ተቆረሰ። የደብሩ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ባርከው ቀመሱ፤ ሰዉም ተከተለ። እትዬ አደይ ተደነቁ።

«እንዲህ የተነፋ የጾም ኬክ አይቼ አላውቅም! ሥርጉትዬ፣ ምን ጨመርሽበት?»

ሥርጉት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ስልሳ እንቁላል ነዋ! ከዚህ እስከ ማንኩሳ ያለ ዶሮ አልተረፈም፤ አውራዎቹ ሳይቀሩ ተገደው ጣሉ!»

ሣቅ ጠበቅሁ። እትዬ አደይ አፋቸው ውስጥ ያለውን በነጠላቸው ጫፍ ላይ ተፉት። መሪጌታ ሳህናቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ገነነ፣ አስገደፍከን?»

«ኧረ የኔታ! ቀልዴን ነው፣ ዋሽቼ ነው!»

«የቱን ነው የዋሸኸው?» አለ እጅጉ። «ጾም ነው ያልከውን ነው ወይስ እንቁላሉን?»

የሥርጉትን መጽሐፍ ከቦርሳዋ መዝዤ ዘይት የነካውን ገጽ አሳየሁ።

«ጥርሱ የተሰበረው ጅብስ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አለኝ አንዱ የሰፈራችን ሰው ከጥግ።

ሥርጉት አልተቆጣችም። የተረፈውን ኬክ በነጠላዋ ሸፈነች። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ፍኖተ ሰላም ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ቡሬ ተመለስኩ።

«የኔታ፣ ይቅጡኝ።»

«ዱቄቱንና መጽሐፉን ይዘህ እሑድ ና» አሉ መሪጌታ። «ፊታችን ጋግር።»

እሑድ ሰዉ ግቢያቸው ተሰበሰበ። መጽሐፉን በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩ፤ ለካስ ያላገጥኩበት ሥራ ቀላል አይደለም። ድስቱን ከታችም ከላይም ፍም አድርጌበት ቁጭ አልኩ። ሲከፈት አንድ ጎኑ አሯል፣ ወደ ግራ ተጣሟል። ግን ተነፍቷል።

እትዬ አደይ ቆርሰው ቀመሱ። «ያለ እንቁላል በዚህ እጅ እንዲህ ከተነሣ፣ በሷ እጅማ! ለጥር ወር ሠርጋችን እሷው ትጋግር በላት።»

እየበረርኩ ቤት ገባሁና ነገርኳት።

«ስንት ሰው ነበር?» አለች።

ምላሴ ላይ ሦስት መቶ መጣ። ዋጥኩት።

«አሥራ አንድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ አደይን ራሴ እጠይቃለሁ» አለችና ስልኳን አነሣች።

እውነት ነበር የተናገርኩት። ያም ሆኖ ደውላ እስክትጨርስ በር ላይ ቆሜ መሬት መሬት አየሁ።