በረመዳን የተጠጣ ወተት

በ1978 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በግንቦት ነበር፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በግንቦት እንኳን ሰው ድንጋዩም ይጠማዋል። ጀላል የጆንያ ፋብሪካው ሠራተኛና የሩጫ ቡድኑ ተስፋ ነበር። የቡድኑ አባል ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም ስለተባለ እናቱ ሐዋ፣ "ሩጥ ልጄ፣ እግርህ ያትርፍህ" ትለው ነበር።

ለአዲስ አበባው ውድድር ሲዘጋጁ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሙሉመቤት አንድ ሙከራ አሰበች። ሯጭ በላብ ያጣውን የሚተካለት የትኛው ነው? ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት ወይስ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ? ሯጮቹን በጆንያ ሚዛን ላይ እያቆመች መዘነች። በደሴው ዳገት ሮጠው ሲመለሱ ደግማ መዘነችና መጠጡን አደለቻቸው። ከዚያ ሽንታቸውን በጠርሙስ ታጠራቅማለች፤ ያልወጣው ሰውነት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ልጆቹ በጠርሙሱ ተሳሳቁ።

ለጀላል አንድ ጣሳ ወተት ደረሰው። ጠጋ ብሎ፣ "ሲስተር፣ ጾመኛ ነኝ። እስከ መግሪብ ያቆዩልኝ" አላት።

"በጾም አፍህ ነው ዳገቱን የወጣኸው?" ደነገጠች። "በል ጥላው ሥር ተቀመጥ። ምንም ያልጠጣ ሰውም ለማነጻጸሪያ ያስፈልገኛል።"

የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ከፍያለው ግን ሙከራውን ሊጎበኝ መጥቶ ኖሮ ያልተነካውን ጣሳ አየ።

"ጓድ ጀላል፣ ወተቱ አልጣመህም?"

"ጾም ይዣለሁ፣ ጓድ።"

"ቡድኑ የሠርቶ አደሩ እንጂ የመስጊድ አይደለም። ወይ ጠጣ፣ ወይ ስምህን እሰርዘዋለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምትላክ አታጣውም።"

"ጓድ፣ ለሙከራው እኮ..." ብላ ጀመረች ሲስተር።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

ጀላል ቢስሚላሂ ብሎ ጣሳውን አነሳ። ላንቃው ደርቆ ስለነበር ወተቱ ጣፈጠው። ከሁሉ የመረረው መጣፈጡ ነበር።

መግሪብ ላይ እናቱ ተምር ብትዘረጋለት እጁን ሰበሰበና የሆነውን ነገራት። "ተገደህ ነው፣ አላህ ያያል። ከዒድ በኋላ ሌላ ቀን ጾመህ ቀዳውን ታወጣለህ" አለችው። ይህን ስትል ግን አላየችውም።

ከቀናት በኋላ ሲስተር ደስ ብሏት መጣች። "ውሃና ሻይ የጠጡት ወዲያው ሸኑት። ስኳርና ጨዉ ደህና ነው፤ ወተቱ ግን በለጠ! አንተ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይዘኸዋል።"

ካድሬው ውጤቱን ሰምቶ፣ "ወተት ለእንግዶች ነው፤ ሯጭ ውሃ ይበቃዋል" አለና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙትን ስም ዘረዘረ። ጀላል ከመካከላቸው አልነበረም።

"ጠጣሁ እኮ፣ ጓድ!"

"ስትጠጣ ፊትህን አይቼዋለሁ።"

ሲስተር ስለ እሱ ተከራከረች፤ ወደ ኩታበር ጤና ጣቢያ አዛወሯት። ዒድ እንዳለፈ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ጀላልን ወሰዱት።

ምልምሎቹን የጫኑት ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ነበር። ሐዋ ስንቅ በፌስታል ቋጥራ ከኮምቦልቻ ወጥታለች፤ ጠባቂዎቹ ግን ማንንም አላስጠጉም። መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ ጀላል በሰው መሐል አያት።

"እማ! እዚህ ነኝ!"

የሞተሩ ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ሐዋ ፊቷን ወደ ኋለኛው መኪና አዙራ፣ ስሙን እየጠራች፣ ለማያውቃት ልጅ እጇን ታውለበልብ ነበር።