እቅፉ ተቆርጦ ጥፊው ቀረ

አለንጋና ዱባ በመድረክ ቀልድ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። አለንጋ ረጅምና ደረቅ፣ ዱባ አጭርና ክብ። ዱባ የአለንጋን እህት በማግባቱ አማቾችም ሆነዋል። በመጀመሪያ ፊልማቸው ሁለት የማይስማሙ ፖሊሶች ሆነው ሠሩ፤ ኮስታራው አለንጋ፣ ቀባጣሪው ዱባ።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ዳይሬክተሩ ጥቂት ሰዎችን ጠርቶ በስቱዲዮው ጠባብ ክፍል አሳየ። ሁለቱ አማቾች ከኋላ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። መብራት ሲበራ ዳይሬክተሩ፣ «እስቲ ይሉኝታ ሳይዛችሁ ንገሩኝ። ምኑ ጣማችሁ? ምኑ ጎረበጣችሁ?» አለ።

አንድ የታክሲ ሹፌር፣ «መኪና ለመኪና ሲባረሩ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ሌባው ግን ውሃ ነው፤ እሱንማ እኔም እይዘዋለሁ» አለ። አንድ ፋርማሲስት መሃሉ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል አለ።

ከፊት የተቀመጠች ልብስ ሰፊ ቀጠለች። «ቀጭኑ ወፍራሙን በጥፊ ሲያጮለው ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መጨረሻ ላይ ሲተቃቀፉ ግን አላመንኳቸውም። አይዋደዱም እኮ።»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተስማማ።

ያ ጥፊ ድርሰቱ ላይ አልነበረም። ቀረጻ ላይ ዱባ ቃሉ ጠፍቶት ሲንተባተብ አለንጋ ከምሩ አጮለው፤ የዱባ እንባም የእውነት ነበር። አሁን ዱባ ወደ አማቹ ዞር ሲል አለንጋ ፈገግ ብሎ መዳፉን ያያል።

እቅፉ ተቆረጠ። በምትኩ መኪና ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ የሚቀመስ ጥፊ ተጨመረ።

«በማስመሰል አይሆንም?» አለ ዱባ።

«ካሜራው ያጋልጠናል» አለ ዳይሬክተሩ።

አለንጋ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «አማቼ፣ የምመታህ እኔ ነኝ እንጂ ባዳ አይደለም።»

የሊፍቱን ጥፊ ዳይሬክተሩ ወዶት ነበር። «እንድገመው፣ እጄ አልሞቀም» ያለው አለንጋ ነው። በድጋሚው የዱባ ግራ ጆሮ ጮኸ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። ሐኪሙ ታምቡሩ ተቀዷል አለው።

ዱባ አማቹን ልብስ መቀየሪያ ክፍል አገኘው። «ምን በደልኩህ?»

አለንጋ የፖሊስ ሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ፣ «ዕድሜያችንን ሙሉ ሰው የሳቀው ባንተ ነው። እኔ የምትደገፈኝ ግድግዳ ነበርኩ» አለ። «አሁን ሳቁ ከእጄ ሲወጣ ደስ አለኝ።»

ዱባ ቤት ሲገባ ሚስቱም አላዘነችለትም። «ወንድሜ ሆን ብሎ አያደርገውም። አንተ ነህ ፊትህን ጠጋ የምታደርግ።»

ፊልሙ በተመረቀ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። በየጥፊው ሰው ከወንበሩ እስኪነሣ ሳቀ። የዱባ ሚስት የተቀመጠችው በደነቆረው ጆሮው በኩል ነበርና ድምጿ አልተሰማውም። ዞር ሲል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗን በሻርፗ ትጠርጋለች። አለቀሰችልኝ ብሎ እጇን ያዘ፤ በደህናው ጆሮው ሊሰማትም ወደ እሷ ዞረ።

«ያቺ የሊፍቷ!» አለች፣ ሳቅ ትንፋሽ እያሳጣት። «ገደላችሁኝ!»

ዱባ እጇን ለቀቀ።

ሁለተኛው ክፍል ሲታሰብ አልሠራም አለ። የለመነው የለም። ጥፊ የሚችል ወፍራም ሰው በሽ ነው፤ አለንጋ አሰልፎ፣ ጉንጫቸውን እየዳሰሰ፣ አንዱን መረጠ።