የአርባ ሰባት ዶላር ሣር

ወርሃዊ ክፍያችን ከአምስት መቶ ሠላሳ ስምንት ዶላር ወደ አምስት መቶ ስልሳ አንድ ከፍ ማለቱን የሚያበስረው ደብዳቤ የደረሰን በየካቲት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ነበር። "የሚያበስረው" ያልኩት ከራሴ አይደለም። ደብዳቤው "ደስ የሚል ዜና ለውድ ቤተሰቦቻችን" ብሎ ነው የሚጀምረው። ደስ የሚለው ዜና የመግቢያው በር አዲስ ቀለም ሊቀባ መሆኑ ነው። ሃያ ሦስቱ ዶላር ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

የምኖረው ባርጋራ፣ ባሕሩ ዳር፣ "ፔሊካን ዕረፍት" በሚባለው የጡረተኞች መንደር ነው። መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ነን። ስሜ ዊልማ ድሪስኮል ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት በስኳር ፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ ነበርኩ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሲፈልግ ሁሉም ሰው ዞሮ ያየው እኔን ነው፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ደብዳቤውን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ብራደን ቢሮ ሄድኩ። ብራደን የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ፈገግታው አይጠፋም። እኛን ሲያነጋግር ጎንበስ ይልና ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቅን ይመስል።

"ብራደን፣ የወጪውን ዝርዝር ስጠኝ።"

"ዊልማዬ፣ እርስዎ በዚህ አይጨነቁ።"

"አልተጨነቅኩም፤ ተናድጃለሁ። ልዩነቱን ታውቀዋለህ አይደል?"

በሦስተኛው ጉዞዬ ዝርዝሩን ሰጠኝ። አትክልተኛው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ የበሩ ካሜራ አለ፣ የቤተ መጻሕፍቱ አየር ማቀዝቀዣ አለ። መሐል ላይ ደግሞ "የኳስ ማንከባለያ ሣር፦ በወር፣ በቤት፣ አርባ ሰባት ዶላር" ይላል። ውኃው፣ ልዩ ማጨጃው፣ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው የሣር ባለሙያ፣ የማታ መብራቱ ተደምሮ ነው። ዝርዝሩን አባዝቼ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፤ አርባ ሰባቱን በቀይ ከብቤ።

በደጉ ጊዜ እዚያ ሣር ላይ አርባ ሰው ይጫወት ነበር። ከባዱን ኳስ እያንከባለሉ ወደ ትንሿ ነጭ ኳስ ማስጠጋት ነው ጨዋታው፤ ሩጫ የለውም፣ ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ ወገብም ይፈልጋል። ከአርባዎቹ ግማሾቹ ሞቱ፣ የቀሩት ጉልበታቸው ሞተ። አሁን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኦርሞንድ ቢድል፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ። በጉልምስናው የሸንኮራ አገዳ ባቡር ነጂ ነበር። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ሱሪና ነጭ ባርኔጣ አድርጎ፣ ኳሶቹን በጋሪ እየጎተተ ይመጣል። ከራሱ ጋር ይጫወታል፤ አንዳንዴም ይሸነፋል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን ባዚል ኖክስ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። እስካሁን ደወል ይዞ ነው የሚመጣው።

"ይዘጋ!" አለች ግሌኒስ ደወሉ ሳይደወል። ግሌኒስ የመጠጥ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ በሹክሹክታ ማውራት አታውቅም። "ለአንድ ሰውዬ ጨዋታ መቶ አሥራ ሁለት ቤት ይከፍላል? ንጉሥ ነው እንዴ?"

"ማን ይነግረዋል ታዲያ?" አለ ባዚል።

ሁላችንም የሻይ ስኒያችን ውስጥ ማየት ጀመርን።

"ሚስቱ ሜርል ከሞተች ወዲህ ሌላ ምን አለው?" አለ ባዚል ቀጥሎ። "ይህንን ከቀማነው በሳምንቱ ነው የምንቀብረው።"

"እና?" አለች ግሌኒስ።

ሁላችንም ቀና ብለን አየናት።

"እና... ያሳዝናል ልል ነው! ምን ታፈጡብኛላችሁ?"

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ባዚል ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብሎ አጻፈኝ፦ "ጉዳዩ ሁኔታዎች እስኪለወጡ ድረስ በይደር ይቆይ።" የትኞቹ ሁኔታዎች እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ሁላችንም ጨዋዎች ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦርሞንድ በመንደሩ ውስጥ ጤናው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ሲያስለው ሦስት ሰው ዞር ይላል። "ዛሬ ፊትህ ገርጥቷል፣ ደህና ነህ?" ይሉታል፤ ደህና ነኝ ሲል ቅር የሚላቸው እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ሰውዬው ጭራሽ ባሰበት። ድሮ አንዴ ይመጣ የነበረው አሁን ከሰዓት በኋላም ብቅ ማለት ጀመረ።

"ሆን ብሎ ነው" አለች ግሌኒስ።

እኛ በበኩላችን ቆጠባ ገባን። መብራታችን በየቤታችን ይቆጥራል፣ የቤተ መጻሕፍቱ አየር ማቀዝቀዣ ግን በወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቤታችንን ዘግተን እዚያ እንከትማለን። ቤተ መጻሕፍቱ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ መጽሐፍ የገለጠም አላየሁም። አንዱ ስልኩን፣ አንዱ የመስሚያ መሣሪያውን፣ አንዱ የጥርስ ብሩሹን ቻርጅ ያደርጋል። ግሌኒስ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ሥር የኤሌክትሪክ ድስቷን ሰክታ የበግ ወጥ ትሠራ ነበር፤ የሽንኩርቱ ሽታ ብራደን ቢሮ ድረስ ደርሶ "በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማብሰል በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ማስታወቂያ እስኪለጠፍ ድረስ። እሷም "ማብሰል እንጂ ማሞቅ አይልም" ብላ ሌላ ሁለት ሳምንት ገፋችበት።

ኦርሞንድ ዘጠና ሁለት ሲሞላው ኬክ ቆረስን። ባዚል ብርጭቆውን አንሥቶ "መቶ ዓመት ያድርስህ!" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔን ግን የሥራ ልማዴ አለቀቀኝም፤ ሳላስበው የቀሩትን ስምንት ዓመታት በወር አርባ ሰባት ዶላር በልቤ አባዛሁት። አራት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር፣ በቤት።

በሐምሌ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ኦርሞንድ የሳንባ ምች ይዞት በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄደ። አምቡላንሱ ገና ዋናው መንገድ ሳይደርስ ባዚል ቤቴ መጣ። በእጁ የተጻፈ ወረቀት ይዟል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሣሩን ስለ መዝጋት" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ። "ለጥንቃቄ ያህል ነው፣ ዊልማ።"

ኮሚቴው ለበሽተኛው አበባ እንዲላክ ወሰነ። ግሌኒስ ደረሰኙን እንዳልረሳ ሁለቴ አሳሰበችኝ።

ኦርሞንድ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። በአሥረኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሣሩ ላይ ነበር። በመስኮት አየሁት። አንዷን ኳስ ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ለመቃናት የፈጀበትን ጊዜ አልረሳውም። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። የሰው ሞት እንደ ደመወዝ ቀን እየጠበቅን ነበር። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ የጻፍኩ ነኝ።

ሁለት ቁራጭ የኮኮናት ኬክ በሰሃን ይዤ ወጣሁ። ኦርሞንድ ሣሩ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ሕመሙን እንዲያበርድለት አንድ ከረጢት በረዶ የሆነ አተር ጉልበቱ ላይ ይዟል።

"ኦርሞንድ፣ ለምን ጥቂት ቀን አታርፍም?"

"አንቺ ልጅ፣ ቢቻል ኖሮ አላርፍም ነበር?" አለኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ "ልጅ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

"ማን ከለከለህ?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ?"

"ሰሌዳው ላይ የለጠፍሽው! በቀይ የከበብሽው!" አተሩን ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረው። "ጨዋታውን የምትወደው ሜርል ነበረች። እኔ ድሮም አልወደውም፤ ኳስ እየገፉ መዋል ምን ይጥማል? እሷ ከሞተች በኋላ ለወጉ ያህል ትንሽ ገፋሁ። ልተወው ስል ያንቺን ወረቀት አየሁ። በቤት አርባ ሰባት ዶላር! መቶ አሥራ ሁለት ቤት! ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ በቀር የሚጫወት የለም። እኔም ከቀረሁ የሰው ሁሉ ገንዘብ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ይህንን ሕዝብ እንዴት እጎዳለሁ? በቀን ሁለቴ ብመጣ ቢያንስ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ..."

ሰሃኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ።

"ኦርሞንድ፣ እኛ የምንከፍለው እኮ ለአንተ ብለን ነው።"

"ለእኔ? ምን ብላችሁ?"

"ይህ ከተወሰደብህ ትሞታለህ ብለን።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ቀላ።

"በዚህ ጉልበት! አምስት ወር ሙሉ! የሳንባ ምቹን ያመጣብኝ እኮ የጠዋቱ ጤዛ ነው! አንድ ሰው መጥቶ 'ትወደዋለህ ወይ?' ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ መጥተህ 'አልወደውም' ብትል ምን ነበረበት?"

ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጀርባውን እየመታሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሳል እውነት አስደነገጠኝ።

በሳምንቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሣሩ እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀረበው ኦርሞንድ ራሱ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ቤት እጁን አወጣ። ከዚያ ኦርሞንድ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ቃለ ጉባኤው ላይ 'ሁኔታዎች እስኪለወጡ' የሚል አየሁ። የትኞቹ ሁኔታዎች ናቸው፣ ባዚል?"

ባዚል ደወሉን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። "የ... የአየር ሁኔታዎች" አለ።

"አሃ" አለ ኦርሞንድ። "ስላልተለወጥኩላችሁ ይቅርታ።"

ብራደን ውሳኔያችንን በፈገግታ ተቀበለ። ፈገግታው ምን እንደያዘ የገባን የሚቀጥለው ወር ደብዳቤ ሲደርሰን ነው። የሣሩ አርባ ሰባት ዶላር ተሰርዟል። በቦታው "ለጊዜው ጥቅም ላይ ያልዋለ አረንጓዴ ስፍራ እንክብካቤ፣ ሠላሳ አንድ ዶላር" እና "የሽግግር ወጪ፣ ሃያ ሦስት ዶላር" ገብቷል። ጠቅላላው አምስት መቶ ስልሳ ስምንት። በመዝጋታችን ሰባት ዶላር ጨመርን።

አርባ የምንሆን ሰዎች፣ ግማሻችን በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የብራደንን ቢሮ ከበብን።

"ሽግግሩ ከምን ወደ ምን ነው?" አለ ኦርሞንድ።

"ከልዩ ሣር ወደ ተራ ሣር ነው፣ ውድ ኦርሞንድ" አለ ብራደን ጎንበስ ብሎ።

"ሣር በራሱ ተራ ይሆናል እኮ! መተው ብቻ ነው!"

"በሥርዓት መተው አለበት።"

ቤቴ ሄድኩና ወደ መንደሩ ስመጣ የፈረምኩትን ውል አወጣሁ። ዘጠና አራት ገጽ ነው። ማጉያ መነጽር ይዤ አራት ቀን አነበብኩት። ገጽ ሰባ አንድ ላይ፣ ማንም እንዳያየው ተደርጎ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፦ ጥቅም ላይ ያልዋለን ስፍራ ነዋሪዎች ራሳቸው ካለሙት የእንክብካቤ ክፍያ አይጠየቁበትም።

በማግስቱ ግሌኒስ የዱባ ዘር ይዛ መጣች። ለዘመናት በመቀስ ሲከረከም የኖረውን ሣር ስንቆፍረው የሣር ባለሙያው ዳር ቆሞ አለቀሰ፤ ሻይ ሰጠነው። ለኦርሞንድ ጥላ ያለው ወንበር አኖርንለትና "አንተ አዛዥ ሁን" አልነው። "አዛዥም ምንም አልሆንም" ብሎ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋና እንቅልፉን ለጠጠ። ዱባው በኅዳር አጥሩን ዘሎ የብራደንን መኪና ማቆሚያ ያዘ።

ሠላሳ አንዱ ዶላር ተነሣልን። የሽግግሩን ሃያ ሦስት ግን እስከ ዛሬ እንከፍላለን። ወደ ምን እየተሸጋገርን እንደሆነ የነገረን የለም። አሁን ወርሃዊ ክፍያችን አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ አንድ ዶላር ቀነስን። ባዚል በጋዜጣችን ላይ "ታሪካዊ ድል" ብሎ ጻፈው።

ኦርሞንድ ጉልበቱን ታከመ። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛል፤ ሲያስለውም ሰው እንደ ሰው ይደነግጣል።

ባለፈው ወር ኮሚቴው የመዋኛ ገንዳውን ማሞቂያ ወጪ ያዘ፤ በቤት ሠላሳ ስምንት ዶላር። ባዚል ደወሉን ደወለ።

"የሚዋኝ አለ?"

ሦስት እጅ ወጣ።

"ትወዱታላችሁ?" አልኩ እኔ።

ሦስቱ ተያዩ። አንደኛዋ ቀስ ብላ እጇን አወረደች፤ ሁለተኛውም አንገቱን ደፍቶ እጁን አወረደ፤ የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው።